የአሚዶው ሳህን

ጋሪው ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ታላቅየዋ በትከሻዋ ደግፋ አቆመችው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ድንጋዩ ያሟልጫል። ጋሪው ላይ በቅርጫት በቅርጫት ሆኖ የመንበሩ ጨርቅ፣ የካህናቱ ነጫጭ ቀሚስና በስስ ጨርቅ የተሸፈነ የኮሌታ ክምር ተጭኗል። አንዷ ቅርጫት ጭቃው ላይ ብትገለበጥ የሳምንቱ ድካም ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

"ግፊው እንጂ፤ ምን ቆመሽ ታልሚያለሽ?" አለች ከጎኗ ያለችውን እህቷን።

"በአንድ እጅ ስንት ልግፋ እትዬ? ግማሽ ሰው ነው ይዘሽ የወጣሽው።"

እውነቷን ነው። ቀኝ እጇ በጨርቅ ታስሮ ከአንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ቢሆንም በግራዋ ገፋች፤ ሁለቱም እያለከለኩ ካህናቱ ወደሚኖሩበት የቁምስናው ግቢ በር ተቃረቡ።

ይህች ባለ አንድ እጅ ከአስራ አንድ ልጆች ስድስተኛዋ ናት። ቄሱ ያወጡላትን ስም ቤተሰቡ እንኳ የሚጠራው ሲቆጣት ብቻ ነው፤ ከተማው የሚያውቃት "አሚዶ" ብሎ ነው። አሚዶ ያው አሚዶ ነው፤ ልብስ ከታጠበ በኋላ ተነክሮበት ሲተኮስ እንደ እንጨት ቀጥ የሚያደርገው ነጭ፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽ። ቤተሰቡ ከአያት ጀምሮ የሚተዳደረው በልብስ አጠባ ስለሆነ ቤቱ ውስጥ ከወተት ይልቅ አሚዶ ይበዛ ነበር፤ ልጆቹም ከወተት ይልቅ የሚፈሩት አሚዶውን መድፋት ነበር።

ስሙን ያገኘችው በተወለደችበት ቀን ነው። እናትየዋ መተኮሻው ክፍል ውስጥ ምጥ ያዛት፤ አባት ልብስ ሊያደርስ ወጥቷል፣ አዋላጇም ገና አልደረሰችም። ልጅቱ ወጣች፤ አላለቀሰችም፤ ከንፈሯም ጠቆረ። እንዲህ ባለ ጊዜ ቄስ አይጠበቅም። ነፍስ ልትወጣ ስትል ማንም ክርስቲያን ውሃ አፍስሶ በሥላሴ ስም ማጥመቅ እንደሚችል በዚያ ቤት ዳዴ የሚለው ልጅ ሳይቀር ያውቃል። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት የዘጠኝ ዓመቷ ታላቅየዋና የጌታውን ሸሚዝ ሊወስድ የመጣው የጎረቤቱ የኮርቻ ሰፊ ተለማማጅ ብቻ ናቸው። ተለማማጁ ቅዳሴ የሚያገለግል ልጅ ስለነበር ቃሉን በደንብ ያውቀዋል። እናትየዋ ከተኛችበት "ውሃ ስጪው!" ብላ ጮኸች፤ ታላቅየዋ ከጠረጴዛው ላይ ሳህን አንስታ ሰጠችው፤ ልጁ አፈሰሰ፣ ቃሉን ተናገረ፤ ሕፃኗም ተንፍሳ ቤቱን በለቅሶ ሞላችው።

በማግስቱ ቄሱ መጥተው "ያልተጠመቅሽ እንደሆነ" የሚለውን ቃል ጨምረው ለጥንቃቄ ደግመው አጠመቋት። የልጅቱ ጸጉር ግን ደርቆ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። አባት ያን አይቶ "ይቺ ልጅ በአሚዶ ነው የተጠመቀችው፤ እንግዲህ ማን ያጥፋታል?" አለ። ቀልዱ ከአባትየው ዕድሜ በለጠ። እሱ ከተቀበረ በኋላ እንኳ በየሰርጉና በየግብዣው ሲነገር ኖሯል፤ በአሚዶ በራሷ ሰርግ ላይም ሳይቀር ተነግሮ ሙሽራውም ሙሽራዋም ሆዳቸውን ይዘው ስቀዋል።

ሙሽራው ደግሞ ያው ያጠመቃት ተለማማጅ ነበር፤ አድጎ፣ የራሱን ሱቅ ከፍቶ፣ የከተማው ኮርቻ ሰፊ ሆኖ። በቤተ ክርስቲያን ሕግ ያጠመቀ ላጠመቃት የመንፈስ አባት ነው፤ አባት ልጁን አያገባም፤ ካገባም ጋብቻው ከመነሻው እንዳልነበረ ይቆጠራል። ነገሩ ግን ቀልድ ሆኖ ስለኖረ ሕግነቱን ልብ ያለው ሰው አልነበረም። አስራ አንድ ልጅ ያለበት ቤት፣ ከአስራ አንዱም ገሚሱ በጥድፊያ የተጠመቀበት ቤት፣ ማን ማንን እንዳጠመቀ ቁጭ ብሎ አይመረምርም። የመረመረችው ሰባተኛዋ፣ መነኩሲቷ እህታቸው ናት። እሷም የመረመረችው ዘግይታ፣ የአሚዶ እጅ ከተሰበረ በኋላ ነው።

ኮርቻ ሰፊው የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ነበር። ሱቁ የገባ ሰው ስቆ ይወጣል። ወደ ገበያ ከተሞች ሲሄድ ግን ሚስቱን ቆዳው ከሚከማችበት ክፍል ያስገባና ከውጭ ይቆልፍባታል፤ "ሰው እንዳይሰርቀኝ" ይላል፤ ቆዳውን ይሁን እሷን አይለይም። አሚዶ ሁለት ጊዜ ወደ እናቷ ቤት ሸሽታ መጣች። ሁለት ጊዜም እናቷ ራሷ እጇን ይዛ መለሰቻት።

"ትዳር ነጭ ልብስ ነው ልጄ፤ ቆሸሸ ተብሎ አይጣልም፤ ይታጠባል" አለቻት ሁለተኛው ጊዜ።

"እማዬ፣ ይሄ ቆሽሾ አይደለም፤ ተቀዶ ነው" ብላ መለሰች አሚዶ። ያም ሆኖ ተመለሰች።

በሦስተኛው ጊዜ ኮርቻ ሰፊው ቆልፎባት ሄደና ረሳት። የሄደበት ከተማ የፈረስ ገበያው ደርቶለት ሰነበተ። አሚዶ ጥሟት በመስኮት ወጥታ ዘለለች፣ የእጇም አንጓ ተሰበረ። ሲመለስ "ረስቻት ነው" አለ፤ ያለውም ከልቡ ነበር። ታላቅየዋን ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ይሄ ቃል ነው። ሰው ሚስቱን ጠልቶ ቢቆልፍባት አንድ ነገር ነው፤ እንደ ጃንጥላ መርሳት ግን ምን ይባላል?

እነሆ አሁን ጉዳዩ ጳጳሱ ዘንድ ደርሶ መርማሪ ካህን ተልኳል። የሚመረመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያን ቀን በሳህኑ ውስጥ የነበረው ምንድን ነው? ውሃ ከሆነ የተለማማጁ ጥምቀት ጥምቀት ነው፤ ኮርቻ ሰፊው የመንፈስ አባቷ ነው፤ አሚዶ ነጻ ናት። አሚዶ ከሆነ ግን የጸናው የቄሱ ጥምቀት ነው፤ ኮርቻ ሰፊውም ባሏ ነው፣ እስከ ሞት። እሱ ባለፈው ሳምንት ቀርቦ "አሚዶ ነበር" ብሎ ምሏል። የቀሩት ምስክሮች ሁለት ናቸው፤ እናትና ታላቅ እህት።

የቁምስናው በር ላይ ሲደርሱ እናታቸው ስትወጣ አገኟት። ጥቁር ሻሏን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ ከዘራዋን እየተመረኮዘች በጎናቸው አለፈች። ማንም ምስክር ስለ ቃሉ እንዳይነጋገር ታዟል።

"ኮሌታዎቹን አደራ፤ በጎን እንዳታስተኟቸው" አለች ብቻ፣ ዞር ሳትል።

አሚዶ ከኋላዋ አየቻት። "እማዬ ምን እንዳለች መጠየቅ አያስፈልገኝም" አለች ቀስ ብላ። "በሰው ኪስ ውስጥ የተረሳ ቁልፍ ለመመለስ ከተማውን የምታቋርጥ ሴት ናት። አንቺም እውነቱን ተናገሪ እትዬ፤ አልቀየምሽም።"

"ቅርጫቱን ያዢ" አለች ታላቅየዋ።

መርማሪው ካህን ጉንፋን የያዛቸው ቀጭን ሰው ነበሩ። ከፊታቸው ወንጌል፣ ከጎናቸው ብዕሩን በቀለም ብልቃጥ ውስጥ የሚነክር ጸሐፊ ተቀምጧል። ታላቅየዋ እጇን ወንጌሉ ላይ አድርጋ ማለች፤ ከዚያም የተጠቆመችበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"የዚያን ጊዜ ዕድሜሽ ስንት ነበር?"

"ዘጠኝ ዓመቴ ነበር አባ።"

"የልጅ ነገር አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ነው ይባላል።"

"በእኛ ቤት ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ አራት ታናናሾች አዝላ አሳድጋለች አባ። ብስል ናት።"

ካህኑ በመሐረብ አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ የሳቁም መሰሉ። "ጠረጴዛው ላይ ምን ነበር?"

"ሁለት ሳህን። በአንዱ ልብስ ማርጠቢያ ውሃ፣ በሌላው አሚዶ።"

"የትኛውን ነው ያነሳሽው?"

ታላቅየዋ የትኛውን እንዳነሳች አሳምራ ታውቃለች። ልጁ ካፈሰሰ በኋላ ሳህኑን መልሳ ስትቀበለው ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ነበረበት፤ ጣቶቿም ተጣበቁባት። የውሃው ሳህን እስከ አፉ ሞልቶ እንዳለ ቆሞ ነበር። አባቷ ሳያውቀው የቀለደው ቀልድ እውነት እንደነበር ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ያፈሰሰው ሰው ካልሆነ፣ ምናልባትም ከተኛችበት ታይ የነበረችው እናቷ።

እውነቱን መናገር ቀላል ነው። የከበዳት ሌላ ነገር ነው፤ እውነቱን ብትናገር ከልቧ አንዱ ጥግ ደስ እንደሚለው አወቀች። እሷ ራሷ ባል አላት። ሰዓት ሠሪው ባሏ ሱቁን ሸጠን ባሕር ማዶ እንሂድ ብሎ እሷ እናቴን ጥዬ አልሄድም ካለች ወዲህ አልተነጋገሩም። በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ፤ "ጨው ያቀብለኝ በላት" ይላል፤ "ከፊቱ ነው በለው" ትላለች፤ ልጃቸው እንደ ኤምባሲ አስተርጓሚ ከወዲህ ወዲያ ይመላለሳል። ሁለተኛዋ እህታቸው መርከበኛ አግብታ ባሕሩን እያየች አረጀች። አራተኛዋ ቤቷ ውስጥ አማቷ ነው የሚያዝዘው። ሁሉም ችለውታል። እኛ ችለን የለ? የሚል ድምፅ ከውስጧ ተነሳ። እኛን ማን በሳህን አዳነን?

ድምፁን አወቀችው፤ የቅናት ድምፅ ነው። አፈረች። ያን ጊዜ የተቆለፈው በርና ከውስጥ ሆና የደበደበችው እህቷ ታዩዋት።

"ውሃውን" አለች።

የጸሐፊው ብዕር ወረቀቱ ላይ ፋቀ።

"ከተማው ሁሉ የሚስቅበት ጸጉርስ? እንዴት ደረቀ?"

"አባቴ ቀልደኛ ነበር፤ ነፍሱን ይማር። የተወለደ ሕፃን ወዲያው ካልታጠበ ጸጉሩ ይደርቃል አባ። የትኛዋንም አዋላጅ ይጠይቁ።"

"ያጠመቃት ሰው አሚዶ ነበር ብሎ ምሏል።"

"እሱ ሳህኑን የተቀበለው ከእጄ ነው። ከየትኛው በኩል እንዳነሳሁት የማውቀው እኔ ነኝ።"

መርማሪው ከወረቀቱ ቀና ብለው አዩዋት። በሳምንቱ መጀመሪያ እሷ ራሷ የተኮሰችው ኮሌታ አገጫቸውን ወደ ላይ ደግፎ ይዞታል።

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አሉ በመጨረሻ። "አንድ ነገር ላስታውስሽ ግዴታ አለብኝ። በወንጌል ላይ በሐሰት የማለ ሰው ወደዚህ መጥቶ ቃሉን ካላነሳ ማንም ካህን ከኃጢአቱ አይፈታውም። ሳይፈታ ደግሞ ወደ ቁርባን መቅረብ አይችልም። ዓመት ቢሆን፣ ዕድሜ ልክ ቢሆን። ይህን ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ አባ።"

"እንዲህም ሆኖ?"

"ውሃ ነበር።"

"እንግዲህ ስለዚህ ነገር ፍርዱ እስኪሰጥ ከማንም ጋር አትነጋገሪ። ከእናትሽም ጋር ቢሆን።"

ደጅ ስትወጣ አሚዶ ባዶውን ጋሪ ይዛ ቆማለች። ፊቷን አየቻትና ጋሪውን ወደ ቁልቁለቱ አዞረች። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጋሪው ቀላል ስለነበር ይልቁንስ መያዙ አስቸገራቸው።

ቤት ገብታ የከሰሉን ካውያ ስታራግብ ነው ስሌቱ የገባት። እናቷ ከእሷ በፊት ቀርባለች። እናቷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ውሸት አልተናገረችም፤ ደንበኛ "ኮሌታዬ ላይ ያለው እድፍ የማን ነው?" ሲል "የእኛ ነው" የምትል ሴት ናት። እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየውም እያለች ሁለት ጊዜ ልጇን ወደ ተቆለፈ ቤት የመለሰች ሴት፣ በወንጌል ፊት ምን ልትል ትችላለች? ባልና እናት "አሚዶ ነበር" ካሉ የታላቅ እህት "ውሃ ነበር" ነፋስ ነው። ነፍሷን አስይዛ እህቷን ያላዳነች ሞኝ ሆነች ማለት ነው። ካውያው ሲግል ምራቋን በጣቷ ነካ አድርጋ ሞከረችው፤ ቸስ አለ። ሥራዋን ቀጠለች።

ማታ ገበታ ላይ ሰዓት ሠሪው ልጁን "እናትህ አሟታል ወይ በላት" አለው።

"አላመመኝም በለው" አለች። ጥቂት ቆይታ "ስለጠየቀ እግዚአብሔር ይስጠው በለው" ስትል ጨመረች። ልጁ ሁለቱንም አየና ማንን እንደሚያስቀድም ቸገረው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዷ ለኑዛዜ ተሰለፈች። ተራዋ ሲቃረብ የምትለውን በልቧ አሰናዳች፤ ቁጣ፣ ሐሜት፣ ቅናት። የሐሰት መሐላው ግን ቀረ። መሐላውን ብትናዘዝ ካህኑ ሂጂና ቃልሽን አንሺ ይሏታል፤ እሱን ደብቃ ሌላውን ብትናዘዝ ኑዛዜው ራሱ ውሸት ነው። ከፊቷ የነበሩት አሮጊት ሲገቡ ከሰልፉ ወጣች። የተሰለፉት አዩዋት። እሷም መቁጠሪያ የረሳ ሰው መስላ ኪሷን ዳበሰች።

እሑድ ቤተሰቡ ሦስተኛውን ረድፍ እንደ ወትሮው ሞላው። ወንድሞች ከነሚስቶቻቸው፣ እህቶች ገሚሶቹ ከነባሎቻቸው፣ ልጆች በየጉልበቱ ላይ። ከመተላለፊያው በኩል፣ ከአግዳሚው ጫፍ የምትቀመጠው እናት ናት። ቦታው በሕግ አልተሰጣትም፤ ግን በየማለዳው ከሰል ከማቀጣጠሏ በፊት ቅዳሴ ሰምታ የምትቆርብ፣ ከአራስነትና ከሕመም በቀር ያልቀረባት ሴት ስለሆነች ለቁርባን ከረድፉ ሁሉ ቀድማ የምትነሳው እሷ ናት። ሌላው እሷን ተከትሎ ይወጣል።

ደወሉ ተደወለ። ታላቅየዋ መሃል ላይ ሆና ጉልበቶቿን ወደ ጎን ሰበሰበች፤ ከእሷ ወዲያ የተቀመጡት እንዲያልፉ። ከኋላው ረድፍ ቀና ያሉ ዓይኖች ማጅራቷ ላይ ተሰሟት። የሰዓት ሠሪው ሚስት አትቆርብም? ምን አድርጋ ነው? ከነገ ጀምሮ ከተማው አዲስ ወሬ አለው። ዕድሜ ልኬን፣ አለች በልቧ፤ ቃሉን ደግማ ስታስበው ፈራች። እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው።

ረድፉ ግን አልተንቀሳቀሰም። ወንድሞቿ ተነስተው ቆመዋል፤ አሚዶ ቆማለች፤ ሁሉም ወደ ጫፉ እያዩ ይጠብቃሉ። እናት አልተነሳችም። ከዘራዋን ወደ ራሷ ሳበች፣ ጉልበቷን ወደ ጎን አዞረች፣ በእጇም "እለፉ" አለቻቸው።

አንድ በአንድ በፊቷ አለፉ። አሚዶም የታሰረ እጇን በደረቷ አቅፋ አለፈች። አግዳሚው ላይ እናትና ታላቅየዋ ብቻቸውን ቀሩ።

መጀመሪያ ያሰበችው ሕመም ነበር። ተንፏቅቃ ተጠጋቻት።

"ጉልበትሽን ነው እማዬ?" አለች በሹክሹክታ።

"ጉልበቴ ምን ሆነ?" አለች እናቷ።

ዓይኗን ከመንበሩ አልነቀለችም። በአሚዶና በውሃ የተላጡት ጣቶቿ ከዘራው ላይ ተደራርበዋል። እየቆየ ታላቅየዋ ገባት። ሲገባትም የዋጠችው እንባ ወረደ።

"ውሃ ነበር" አለች እናቷ፣ ከንፈሯን ብዙም ሳታንቀሳቅስ።

"ውሃ ነበር እማዬ።"

"እንግዲያው ምን ያስለቅስሻል? ቀና በይ። ሰው ያየናል።"

ታላቅየዋ ቀና አለች። ሁለቱ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው፣ ከተማው እንደ ልቡ ያያቸው ዘንድ ተቀመጡ። የሚቆርቡት በግራ ሄደው በቀኝ ይመለሳሉ፤ ጫማ ድንጋዩ ላይ ይፋተጋል፤ ሕፃን ያለቅሳል።

አሚዶ ከቆረበች በኋላ አንገቷን ደፍታ ስትመለስ አግዳሚው ጫፍ ላይ ደርሳ ቆመች። ታላቅ እህቷን አየች። እናቷን አየች። ከዚያ ደግሞ ካህኑ ያሉበትን መንበር ዞራ አየች፤ እንደገና እነሱን። ከኋላዋ ወንድሞቿ መንገድ ተዘግቶባቸው ተደርድረዋል።

እናትየዋ ከዘራዋን አንስታ ታላቅየዋን በክርኗ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገቻት፤ በሁለቱ መካከል አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተከፈተ።

"ግቢ" አለቻት። "ቦታ አለ።"